ሦስት ድምፅ ይዞ መቆየት
(ደሴ ላይ ለሙዚቃ ወዳጆች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ ደሴዎች። በዚህ ዝናብ ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥታችሁ የመጣችሁ፣ ከሐይቅም ከባቲም የመጣችሁ፣ አላህም ይስጥልኝ፣ እግዚአብሔርም ይስጥልኝ።

ዛሬ የማወራላችሁ የሙዚቃ ደራሲ የተወለደው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1935 ነው። ወደኛ ሲመለስ ጳጉሜን 6 ቀን 1927 ዓ.ም. ይሆናል። በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የምትመጣዋ ጳጉሜን ስድስት! ይህን ሳሰላ ብቻዬን ሳቅሁ፤ የሰውየው ሙዚቃ ድሮም ጳጉሜን ይመስለኝ ነበርና። አሮጌው ዓመት አልቆ አዲሱ ሳይገባ፣ ዝናቡ ጠበል ነው ተብሎ ልጆች የሚጠመቁባት፣ ሰው ትንሽ ፋታ የሚያገኝባት ወር።

ስሙ አርቮ ፔርት ይባላል። አገሩ ኤስቶኒያ ነው፣ በባልቲክ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ አገር። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ለየት አድርጌ ካልነገርኳችሁ በስተቀር በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።

ያደገው ራክቬሬ በምትባል ከተማ ነው። ቤታቸው የነበረው ፒያኖ መሃሉ የተበላሸ ነበር፤ በደንብ የሚሠሩት የላይኞቹና የታችኞቹ ድምፆች ናቸው። ልጁ ባለው ተጫወተ፤ ከላይ ቀጭኑን፣ ከታች ወፍራሙን፣ መሃሉን ባዶ ትቶ። የከተማው አደባባይ ላይ ደግሞ የራዲዮ ኦርኬስትራ የሚያስተላልፍ የድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ነበርና፣ በብስክሌት አደባባዩን እየዞረ ያዳምጥ ነበር። ዛሬ እዚያው ከተማ ብስክሌት የያዘ ልጅ ሐውልት ቆሟል።

እኔ ያደግሁት ባቲ ነው። የሰኞ ገበያ ቀን ግመሉ፣ ጨው የጫነው፣ ማሽላ የያዘው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ሲተራመስ፣ ከካሴት ቤቱ ማጉያ የሚወጣው ማሲንቆ ከሁሉም በላይ ይሰማኝ ነበር። የእናቴን ቅቤ ተሸክሜ እዚያ ደጃፍ ላይ ቆሜ እቀራለሁ። ስለዚህ ያን የብስክሌት ልጅ አውቀዋለሁ ማለት እችላለሁ።

ልጁ አደገ፣ ታሊን ኮንሰርቫቶሪ ገብቶ ተማረ፣ ከ1958 እስከ 1967 ድረስ በኤስቶኒያ ራዲዮ የድምፅ መሐንዲስ ሆኖ ሠራ። በሚጽፈው ሙዚቃ የዘመኑን ከባድ መንገድ ነበር የተከተለው። አሥራ ሁለቱ ድምፆች በተራ በተራ እኩል የሚገለገሉበት፣ ምንም ድምፅ "ቤቴ ይህ ነው" የማይልበት አጻጻፍ አለ። በኤስቶኒያ በዚህ ስልት የመጀመሪያውን የኦርኬስትራ ሥራ በ1960 የጻፈው እሱ ነው፤ የሶቪየት ባለሥልጣናትም ነቀፉት። በ1968 ደግሞ "ክሬዶ" የተባለውን ጻፈ። በላቲን "በኢየሱስ ክርስቶስ አምናለሁ" ብሎ የሚጀምር ሥራ በዚያ አገር በዚያ ዘመን መድረክ ላይ ማቆም ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንዴ ተሰማ፤ ከዚያ በግልጽ አዋጅ ባይሆንም በሩ ተዘጋበት።

ከውጭ ከተዘጋው በር ይልቅ ግን የባሰው የውስጡ ነበር። የሚያውቀው መንገድ ሁሉ አለቀበት። የሚጽፈው ሙዚቃ የሚናገረው ነገር አጣ። እናም ዝም አለ።

ወደ ስምንት ዓመት! በመሃሉ አንድ ሲምፎኒ ጽፏል፣ ለእንጀራ ብሎ የፊልም ሙዚቃም ይሠራ ነበር። የራሴ የሚለውን ድምፅ ግን አላገኘም። በእነዚያ ዓመታት ያደርግ የነበረውን ስሙ። የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚያዜመውን፣ ያጠና ነበር። መዝሙረ ዳዊት አንብቦ ደብተሩን ይከፍትና ሳያቋርጥ አንድ መስመር ዜማ ይጽፋል፤ ደግሞ ያነባል፣ ደግሞ ይጽፋል። ደብተር በደብተር ላይ። አንድ ቀን ከቤቱ ደጃፍ መንገድ የሚጠርግ ሰው አግኝቶ፣ ሙዚቃ የሚጽፍ ሰው እንዴት ነው መጻፍ ያለበት ብሎ ጠየቀው። ጠራጊው ያልጠበቀው ጥያቄ ሆኖበት አሰበና፣ እያንዳንዷን ድምፅ መውደድ ይኖርበታል መሰለኝ አለው። ፔርት ከፕሮፌሰሮቹ ሁሉ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም እያለ ይህን ደጋግሞ ተናግሯል።

እዚህ ላይ ከኤስቶኒያ ልመልሳችሁና ወደ ግሸን ልውሰዳችሁ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሁላችሁም በፒያኖ ነው የምታውቋቸው። በልጅነታቸው ግን ቫዮሊን ነበራቸው፤ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ጀምረው፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ ቫዮሊን ተጫዋች ዘንድ በቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር። በኋላ ለንደን ሄደው እንዲማሩ ዕድሉ መጣ፤ መሄድ ግን አልተፈቀደላቸውም። ኀዘኑ ምግብ አስተዋቸው። ከዚያ የት ሄዱ? ወደኛ መጡ። ግሸን ማርያም ወጡ፣ መነኮሱ፣ ዐሥር ዓመት ያህል በዚያ አምባ ላይ ያለ ጫማ ኖሩ። ሙዚቃውንም ተዉት።

ግሸን ያለችው አምባሰል ነው። አምባሰል የተራራ ስም ነው፣ የወረዳ ስም ነው፣ ከአራቱ ቅኝቶች የአንዱ ስም ነው። ያቺ ሴት በዚያ ተራራ ላይ ዐሥር ዓመት ዝም ብለው ከወረዱ በኋላ የጻፉትን ስሙት፤ ማንም ሕፃን ሊያዳምጠው ይችላል፣ ማንም አዋቂ ግን ጨርሼ አወቅሁት አይልም። በ2023 ኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ እንደዚያው ነበሩ። ፔርትና እማሆይ ተገናኝተዋል፣ ወይም አንዱ ከሌላው ወስዷል ለማለት አይደለም ይህን ማንሳቴ። ለጆሮ የሚቀርብ ሙዚቃ ከስንፍና የሚመጣ ለሚመስለው ሰው ሁለት ምስክር ለማቆም ነው።

ፔርት በ1976 ዝምታውን ሲሰብር ይዞት የመጣው ለፒያኖ የተጻፈ በጣም አጭር ሥራ ነው። በቀጣዩ ዓመት ግን በደጋን የሚመቱትን የክር መሣሪያዎች ያዘ፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ። ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎ፣ ኮንትራባስ። ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው "ፍራትሬስ"፣ "ታቡላ ራሳ" እና ለብሪተን መታሰቢያ የጻፈው "ካንቱስ" ሦስቱም የ1977 ልጆች ናቸው። ስልቱን "ቲንቲናቡሊ" ብሎ ሰየመው። በላቲን ትንንሽ ደወሎች ማለት ነው፤ እኛ ቃጭል እንላለን።

አሠራሩን በመንዙማ ላስረዳችሁ። መንዙማ ላይ መሪው ይሄዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ቃሉን ይለዋውጣል። ተቀባዩ ግን ያቺኑ አዝማች ይዞ ቤቱን ይጠብቃል። መሪው ምንም ያህል ቢርቅ ሲመለስ ቤቱን እዚያው ያገኘዋል። ፔርት ሙዚቃውን በሁለት ድምፅ ነው የሚያቆመው። አንደኛው ድምፅ ከደረጃ ደረጃ በአንድ እርምጃ ይሄዳል፣ አይዘልም። ሁለተኛው ከሦስት ድምፆች አይወጣም፤ ለምሳሌ ላ፣ ዶ፣ ሚ። የመጀመሪያው በረገጠ ቁጥር ሁለተኛው ከሦስቱ ለእርሱ የሚቀርበውን ይመልስለታል። የትኛውን እንደሚመልስ ደራሲው አስቀድሞ ደንብ ያወጣል፣ ካወጣ በኋላም አያፈርሰውም። ታዲያ ሄያጁ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ሲያርፍ ሰላም ይሆናል፤ ከአጠገባቸው ሲያርፍ ደግሞ ሁለቱ ድምፆች ይፋጫሉ። ሰላሙና ፍጭቱ ሲፈራረቁ የምንሰማው ነው እንባ የሚያመጣው። ፔርት ፍጭቱን አልሸሸም፤ ይህን የሚረሱ ሰዎች ናቸው ሙዚቃውን "የሚያስተኛ" የሚሉት።

"ካንቱስ"ን ልንገራችሁ፣ እሱ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤንጃሚን ብሪተን የሞተው በዲሴምበር 1976 ነው። ፔርት የእሱን ሙዚቃ ንጽሕና በቅርቡ ነበር ያወቀው፤ ሊያገኘው ሲመኝ ሞቱን ሰማ። ለሥራው የሚያስፈልገው የክር ኦርኬስትራና አንድ ደወል ብቻ ነው። ደወሉ ላ ነው። ሦስት ጊዜ ይመታል። ከዚያ አንደኛ ቫዮሊኖች ከላይ ከጫፍ ይጀምራሉ፦ ላ። ደግሞ ላ፣ ሶል። ደግሞ ላ፣ ሶል፣ ፋ። ሁልጊዜ ወደ ጫፉ ተመልሰው አንድ እርከን ጨምረው ይወርዳሉ። ሁለተኛ ቫዮሊኖች ያንኑ ይዘው በግማሽ ፍጥነት ይከተላሉ። ቪዮላዎች በዚያም ግማሽ፣ ቼሎዎች በዚያም ግማሽ፣ ኮንትራባሶች በዚያም ግማሽ። ስለዚህ አንደኛው ቫዮሊን 16 ድምፅ በሚጫወትበት ጊዜ ኮንትራባሱ አንድ ድምፅ ይዞ ይቆያል። አምስት ሰዎች ከጦሳ አናት ተነሥተው ወደ ደሴ በአንድ መንገድ ይወርዳሉ በሉ፤ ፊተኛው ልጅ ነው፣ ይሮጣል፤ የመጨረሻው ሽማግሌ ነው፣ ምርኩዙን እየተከለ ነው። መንገዱ አንድ ነው፣ ዕድሜው ነው የተለያየው። ሁሉም ታች ሲደርሱ እዚያው ይቆማሉ፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ይሆናሉ። በመጨረሻ ክሮቹ ድንገት ሲያቆሙ፣ ሳንሰማው ቀስ ብሎ ተመትቶ የነበረው ደወል ብቻውን ሲንሳፈፍ ይቀራል።

ይህን ሙዚቃ ለአንድ ዕድሜያቸው ለገፋ የማሲንቆ ሰው በስልኬ አሰማኋቸው። ስለ ብሪተን አልነገርኳቸውም፣ ስለ ምንም አልነገርኳቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ ደወሉ ድረስ ሰሙና፣

"ልጄ፣ ይሄ ሰው፣ ሰው ሞቶበታል" አሉኝ።

"እንዴት አወቁ ጋሼ?"

"ከላይ ጀምሮ ነዋ የሚወርደው። ሙሾ አውራጇ እንዲሁ ናት። ከጫፍ ትነሣለች፣ ትወርዳለች፤ አልወጣልሽ ሲላት ደግሞ ከጫፍ ትነሣለች።"

ከዚያ ማሲንቋቸውን አውርደው ቅኝቱን ፈለጉት። አገኙትም። እኔም ቤት ገብቼ ወረቀት ላይ አየሁት። "ካንቱስ" የሚጠቀምባቸው ሰባት ድምፆች ውስጥ ትዝታ ማይነር የሚባለው ቅኝት ሙሉውን ተቀምጧል፦ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ቤቱ ደግሞ፣ ዜማው ተመልሶ የሚያርፍበት ድምፅ ማለቴ ነው፣ በሁለቱም ላ ነው። ሌላም ነገር አለ፣ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሁልጊዜ ዓይናቸው የሚበራበት። እነዚህኑ አምስት ድምፆች ውሰዱና ቤቱን ከላ ወደ ሚ አዛውሩት፦ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። አምባሰል ነው። ድምፆቹ እነዚያው፣ ቤቱ ሌላ፣ ሰውየው ግን ሌላ ሰው ሆነ። ትዝታ ወደ ኋላ ያያል፤ አምባሰል ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ይጣራል።

ፔርት የእኛን ቅኝት ያውቃል ማለቴ አይደለም። ወሎ ላይ ያደገ ጆሮ ይህን ሙዚቃ ለመስማት አስተርጓሚ አያስፈልገውም ማለቴ ነው።

በሙዚቃ ሰዎች ዘንድ ስሙ ሲነሣ የሚነሣ ወቀሳ አለ። ቀላል ነው ይላሉ። ሕዝብ የሚወደው ስለሆነ ጥልቀት የለውም ይላሉ። ፊልም ሠሪዎች ሰው ማስለቀስ ሲፈልጉ የእሱን ሙዚቃ ከኋላ ማስገባት ማብዛታቸው እኔንም ያሳዝነኛል፤ ከእያንዳንዷ ድምፅ ጋር ስምንት ዓመት የተጣላ ሰው ሥራ የሌላ ሰው ታሪክ ማጣፈጫ ሲሆን ማየት ይከብዳል። ጥፋቱ ግን የሙዚቃው አይደለም። ቀላል ለሚለው ሰው ቫዮሊን ሰጥቼ አንዲት ላ በቀስታ፣ ደጋኑ ሳይንቀጠቀጥ፣ ድምፁ ሳይወፍርና ሳይቀጥን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲስባት ብጠይቀው ደስ ይለኛል። ፈጣን ሙዚቃ ውስጥ ስሕተት ይደበቃል። እዚህ ግን ጣትህ የፀጉር ያህል ከዞረች አዳራሹ ሙሉ ይሰማታል። ማሲንቆ መቺዎች ይህን ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። አንድ ክር ነው ያላችሁ፣ ከፈረስ ጭራ። የምትሸሸጉበት ሁለተኛ ክር የለም።

በ1980 ፔርት ከባለቤቱ ከኖራና ከልጆቹ ጋር ከሶቪየት ኅብረት እንዲወጣ ተገፋ። ድንበር ላይ ባቡር ጣቢያ ሻንጣቸው ተፈተሸ። ሰባት ሻንጣ ነበራቸው፣ ኖታና ሸክላ የሞላበት። ፖሊሶቹ እስቲ እንስማው አሉ። ባዶው ጣቢያ ውስጥ "ካንቱስ" ተከፈተ። ፔርት ሲያወራው፣ እንደ ቅዳሴ ሆነ፣ ፖሊሶቹም ያን ጊዜ ደግ ሆኑልን ይላል። ከዚያ ቪየና፣ ከዚያ በርሊን፤ በ1984 ጀርመን ውስጥ የታተመችው ሸክላው ስሙን ዓለም ላይ አዳረሰችው። ከብዙ ዓመት በኋላም አገሩ ተመልሶ ገባ።

በ2014 ዓ.ም.፣ በእኛው አቆጣጠር፣ ደሴ ያየችውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አልዘረዝረውም። ከቤት ስንወጣ ቫዮሊኔን ይዤ ወጣሁ። ተመልሼ ስገባ ግን ለወራት ሳጥኑን መክፈት አልቻልኩም። ሙዚቃ ሁሉ ወይ በጣም ደስተኛ ወይ በጣም ጯሂ ሆነብኝ። አንድ ሌሊት፣ መብራት በሌለበት፣ የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ሲል "ካንቱስ"ን ከፈትኩት። አላጽናናኝም። አጠገቤ ተቀመጠ ብል ይሻላል፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ምንም ሳይናገር ግድግዳውን ተደግፎ እንደሚያመሽ ጎረቤት። በማግሥቱ ሳጥኑን ከፈትኩ። ለዚህ ነው ዛሬ ስለዚህ ሰው ካልተናገርኩ ያልኳችሁ።

አሁን ወደ ሥራችን ልምጣ። ቫዮሊን የምናስተምረው በውሰት ክፍል ነው። አምስት ቫዮሊንና አንድ ቼሎ አሉን። ቼሎዋ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አውቶቡስ ላይ ለብቻዋ ወንበር ተከፍሎላት ነው። አንድ ቀጭን ክር ሲበጠስ ሁለት ሳምንት እንጠብቃለን። በዚህ አገር ለክር መሣሪያ መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። አሸናፊ ከበደ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ሲመሠርት የእኛ ዜማ በኖታ ተጽፎ በኦርኬስትራ እንዲሰማ አስቦ ነበር፣ ራሱም ጽፏል። በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም ማሲንቆን፣ ክራርን፣ በገናን አንድ መድረክ ላይ አስቀምጧቸው ነበር። መንገዱ አለ። አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ከወሰዱበት ከዚህ ከወሎ የሚነሣ፣ ለአምስት ቫዮሊንና ለአንድ ቼሎ የሚጽፍ ልጅ ግን በጣም ያስፈልገናል። ከባድ እንዲመስል ብሎ የማይጽፍ፤ ሰኞ ገበያ ላይ ቅቤ ተሸክሞ የቆመ ልጅ ሰምቶ የሚቆምለት።

ባለፈው ክረምት ለተማሪዎቹ አንድ ሥራ ሰጠሁ። ደንቡን ከፔርት ተማርነው፣ ድምፁን ከአምባሰል ወሰድነው። አንደኛው ቫዮሊን በአምባሰል አምስት ድምፆች ላይ አንድ በአንድ ይሂድ፣ አይዝለል። ሁለተኛው ከሚ እና ከሲ በቀር እንዳይነካ። ቼሎዋ ሚን ብቻ ይዛ ትቆይ። መጀመሪያ ቀን ልጆቹ ተከፉ፤ "መምህር፣ ይሄ ምን ሙዚቃ ነው?" አሉኝ። ሄያጁ ፋ ላይ ሲደርስና ከሚ ጋር ሲፋጭ አንዷ ተማሪ ተሳስቼ ነው ብላ ደጋኗን አነሣች። ቆዪበት አልኳት። ቆየችበት። ፋዋ ወደ ሚ ስትወርድ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ላይ ሲተነፍሱ ሰማሁ።

ያቺ ልጅ ከዚያ በኋላ በራሷ ደንብ ወደ አራት ደቂቃ የሚሆን ነገር ጽፋለች። መሃሉ ላይ ማሲንቆ አስገብታበታለች፤ ጋሼም ዛሬ ከእኛ ጋር ናቸው፣ እዚያ ከበሩ አጠገብ ደጋናቸውን ሙጫ እያስነኩ ነው። ርእስ አልሰጠችውም፣ እኔም አላስገደድኳትም።

መጀመሪያ "ካንቱስ"ን ከማጉያው እናሰማችኋለን፣ ስድስት ሰባት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ሳናጨበጭብ ወደ እሷ ሥራ እንለፍ። የደወሉ የመጨረሻ ድምፅ በጣም ቀጭን ነውና በመንገዱ በኩል ያላችሁ እባካችሁ መስኮቶቹን ዝጉልኝ። ልጆች፣ ላ ስጧቸው፣ ይቃኙ።